አልበሰለም ብዬ የጻፍኩት ጎደሬ

ይህን እስክጽፍ ድረስ ነገሩን ከአፌ የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም ብትሆን እኔ ሳልነግራት በፊት ታውቀው ነበር። ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩትም ብል ውሸታም አትሉኝም። እኛ የጂንካ ጴንጤዎች ጉባኤ ፊት ቆመን መመስከር እናውቅበታለን። እኔም ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ። አረቄ መጠጣቴን ተናዝዣለሁ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልቼ ሁለት ዓመት መኳረፌን ተናዝዣለሁ። ሰው "ሃሌሉያ" እያለ አጨብጭቦልኛል። እኔ ግን ትንንሾቹን እያወጣሁ ትልቁን ከሥር እቀብረው ነበር፤ የነቀዘውን በቆሎ ከሥር አድርጎ ደህናውን ከላይ እንደሚያሳይ ነጋዴ። እናንተ የምታነቡኝ አታውቁኝም። ስለማታውቁኝም ይቀለኛል፤ እስኪ አረፍ በሉና ስሙኝ።

ነገሩ ይህ ነው። በስሎ የነበረ ጎደሬ አልበሰለም ብዬ ጻፍኩ። ሳልቀምሰው ጻፍኩ። ቀምሼዋለሁ ብዬም ፈረምኩበት። ሰው አልገደለ፣ ቤት አላቃጠለ፣ ታዲያ ለአንድ ጎደሬ ይህን ያህል ምን ያስጨንቀዋል ትሉ ይሆናል። እኔም ራሴን እንደዚያው እያልኩ ነው ብዙ ዓመት ያታለልኩት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጂንካ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ቴክኒሻን ነበርኩ። የአሪ ገበሬ ልጅ ነኝ። ከመንደራችን ካኪ ለብሶ ደመወዝ የተቀበለ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ፤ እናቴ ካኪዬን ስታጥብ መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው አጥሩ ላይ ነበር የምታሰጣው። አለቃዬ ኢንጂነር በላይ የሚባሉ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ሲጋራ የማያጡ፣ ሲናደዱ እንኳ የሚስቁ ሰው። ይዘው የመጡት ነገር ደግሞ መንደሩን በሙሉ አሳቀው፤ ከከብት እበት እሳት እናወጣለን አሉ።

ባዮጋዝ ነው። እበቱ በውሃ ተበጥብጦ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ከላይ አየር እንዳያገባ ሆኖ ይከደናል፣ ሲቆይ ጋዝ ይሰጣል፣ ጋዙ በቱቦ ወደ ምድጃ ይሄዳል። ጭስ የለ፣ እንጨት የለ። ሴቶቻችን እንጨት የሚለቅሙበት ጫካ በየዓመቱ ይርቅ ነበር፤ ላምባውም ከአርባ ምንጭ እስኪመጣ ሰው በጉጉት ያልቃል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ ከአዲስ አበባ የመጣው ሥዕል ነው። ሥዕሉ ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተለስኖ የብረት በርሜል ይከደንበት ይላል። ሲሚንቶው ወይጦ ላይ ወንዝ ሞልቶ ቆመ፤ ወንዙ ጎድሎ መኪናው እስኪሻገር ዝናብ መታውና ጂንካ ሲደርስ ድንጋይ ሆኖ ደረሰ። በርሜሉም ዝጎ ተበሳ። ኢንጂነሩ አልተበሳጩም። "ይኼኛው እምቢ ካለ ሌላ እንሞክራለን። መልሱን ብናውቀው ኖሮ ሙከራ ይባል ነበር?" አሉኝ።

ማርታ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ሸክላ ሠሪ ናት። ለቢሮው የመጠጥ ውሃ ማኖሪያ እንስራ ልትሸጥ በጓሮ በኩል ገባች፤ በዋናው በር አትገባም ነበር። ጉድጓዱን ጎንበስ ብላ አየችው፣ የተበሳውን በርሜል በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና በአሪኛ አንድ ነገር አለችኝ። ኢንጂነሩ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። እየሳቅሁ ተረጎምኩላቸው።

"ጭቃ የሚችለውን ሥራ ለብረት ሰጥታችሁ ብረቱን አሰቃያችሁት ትላለች።"

እሳቸው አልሳቁም። ስሟን ጠየቁና ከወንበራቸው ተነሡላት። "ወይዘሮ ማርታ፣ እስኪ ጭቃው እንዴት እንደሚችለው ያሳዩን" አሉ። እሷን ወይዘሮ ብሎ የጠራ ሰው እስከዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም። በዕድሜ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ እኔ ግን እንደ ትንሽ እህቴ ነበር የማዛት።

እኛ ገበሬዎቹ ምን እንደነበርን ልንገራችሁ። ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን "ማና" እንላቸው ነበር። በእነሱ ድስት እንቀቅላለን፣ እነሱ በቀጠቀጡት ማረሻ እናርሳለን፤ ቤታቸው ግን አንገባም፣ እጃቸው ያበሰለውን አንበላም። ወንጌል ከገባም በኋላ በአንድ ጸሎት ቤት አብረን እየዘመርን እነሱ የኋላውን አግዳሚ ይይዙ ነበር። ወደ ኋላ ሂዱ ያላቸው የለም። ወደ ፊት ኑ ያላቸውም የለም።

የማርታ ሐሳብ ይህ ነበር። ጉድጓዱን በደንብ በተወቀጠ ሸክላ ጭቃ እንለስነዋለን፤ በርሜሉን ትተን አንድ ትልቅ ጋን በአፉ እንደፋበታለን። ኢንጂነሩ ሰሙና ጋዝ በሸክላ ውስጥ ያልፋል ብለው ተጠራጠሩ። ከዚያ "አላውቅም፤ እንየው" አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ። ቃልም ገቡላት። ሙከራው በምግብ ማብሰል ፈተና ካለፈ በገበሬዎች ማሠልጠኛው አስተማሪ ሆና ትቀጠራለች፤ ከእኛ ጋር ቢሮ ትቀመጣለች፣ ከእኛ ጋር ምሳ ትበላለች። የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። እሷም "በየትኛው በር ነው የምገባው?" ብላ ጠየቀች። ይህንንም ተረጎምኩ። ኢንጂነሩ አልገባቸውም። "በበሩ ነዋ፣ በየት ልትገባ ኖሯል?" አሉ። ማርታ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን እንደምትጠብቅ አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብዬ የማመካኝበት መንገድ የለኝም።

ሥራው እሷ ግቢ ውስጥ ተጀመረ። የመጀመሪያው ጋን ሲተኮስ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ውሃ ያዘ፤ ጋዝ ግን አልያዘም። ውሃ ውስጥ ነክረን ስንነፋበት ከሆዱ ደቃቅ አረፋ ያወጣል። እኔ አበቃ አልኩ። ማርታ ሦስት ቀን ጠፍታ ሰም ይዛ መጣች። የኛ አገር ማር ሞልቶታል፤ ሰሙን ማንም አይፈልገውም ነበር። ጋኑን አግላ፣ ትኩሱ ሳይበርድ ሰሙን ውስጡን ደጋግማ አሸችው። ሸክላው ሰሙን ጠጣው። ነክረን ስንነፋበት አንዲት አረፋ አልወጣችም። እኔ ተነሥቼ ጨፈርኩ፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ጨፍሬያለሁ። ከከብት ገበያው እበት በጆንያ ያጋዝኩት እኔ ነኝ። ቱቦውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሥራውን እወደው ነበር። ሥራውን እየወደድኩ ግቢዋ ውስጥ ስውል ምሳዬን ከቤቴ ይዤ መጥቼ ከአጥሩ ውጭ እየወጣሁ ነበር የምበላው።

ሦስት ሳምንት ጠበቅን። አንድ ጠዋት መክፈቻውን ከፍቼ ክብሪት ጫርኩ። ሰማያዊ ነበልባል ወጣ። ማርታ መዳፏን ከላይ ዘርግታ ሞቀችውና "ዓይን አያቃጥልም" አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሸክላ ስትተኩስ ዓይኗ በጭስ ቀልቶ የኖረ ሴት ናት፤ ሌላ ምን ትበል።

የቀረው የማብሰል ፈተና ነበር። ኢንጂነር በላይ ራሳቸው ሊመጡ ነበር። ነገር ግን ኦሞራቴ ወንዙ ዳር ያቆሙት በነፋስ የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ተሰበረ ተባለና በድንገት ሄዱ። ሲወጡ ቅጹን ሰጡኝ። "ተስፋዬ፣ አንተው ቅመስ። በዓይን አትፍረድ" አሉኝ። ጎደሬ ይቀቀል ያልኩት እኔ ነኝ። ጎደሬ አያባብልም። በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ከበሰለ ደግሞ እንደ ቅቤ ይወርዳል። ሲያዩት ግን ያው ነው፤ ካልቀመሱት አይታወቅም።

በጠዋት ደረስኩ። ግቢው ተጠርጓል። ማርታ ለጸሎት ቤት የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳለች። ባሏና ልጇ ከአጥሩ ሥር ቆመዋል። ውሃው ፈላ፤ ሰዓቱን ጻፍኩ። ጎደሬው ገባ። እሳቱ ሳይደክም፣ ሳይንቦገቦግ፣ እኩል ሲነድ ቆየ። ስታወጣው እንጨት ወጋችበት፤ እንጨቱ ሰመጠ። ልጣጩን ገፋ ገፋ አድርጋ ሦስቱን የእንሰት ቅጠል ላይ አኖረች፣ ጨው ነሰነሰችበት። አንዱን አንሥታ እኔ እያየሁ በላች። ከዚያ ቅጠሉን ወደኔ ገፋችልኝ።

አነሣሁት። ትኩስ ነበር። አፌ ድረስ አደረስኩት። ከዚያ በላይ እጄ እምቢ አለኝ ልላችሁ ነበር፤ እጄ ምን አደረገኝ? እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። መሐረቤን አወጣሁና ጠቀለልኩት። "ሳምፕል ነው፣ ለቢሮ ነው" አልኳት። እንዲህ ያለ አሠራር የለም። ቢሯችን ጎደሬ የሚመረምርበት ምን መሣሪያ አለው? ማርታ መሐረቡን አየች፣ እኔን አየች፣ "እሺ" አለች። መታጠፊያው ጋ ስደርስ መንገድ ላይ ለነበረ ውሻ ወረወርኩለት። በላው። ሁለተኛ አለህ ወይ ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

ቢሮ ገብቼ ቅጹን ዘረጋሁ። "ምግቡ በትክክል በስሏል?" ይላል። "አልበሰለም። ጉሮሮ ይከረክራል" ብዬ ጻፍኩ። "ቀማሽ" ከሚለው ፊት ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ።

ለምን "በስሏል" ብዬ አልዋሸሁም? ይህን ጥያቄ ለራሴ ሺህ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። መቅመስ ካልቻልኩ ቢያንስ እሷን በሚጠቅም መንገድ መዋሸት አልችልም ነበር? እችል ነበር። በስሏል ብል ማርታ ቤት በላህ ወይ ተብዬ መጠየቄ ነው። ያን ጊዜ ታጭቼ ነበር፤ የእጮኛዬ ወላጆች ቢሰሙስ ብዬ ፈራሁ። ይህ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ይህ ነው፦ በስሏል ካልኩ ማርታ ነገ ቢሮአችን ትገባለች። በበሩ ትገባለች። አጠገቤ ትቀመጣለች። ምሳ ሰዓት እጇ ከእጄ ጋር አንድ ትሪ ላይ ይወርዳል። አንድ ቀን አይደለም፣ በየቀኑ። እኔ ካኪ ለብሼ ከሁሉ ከፍ ያልኩት ሰው፣ ከእሷ እኩል ልሆን ነው። እንዳትገባ ፈለግሁ። ይኸው ተናገርኩት።

ኢንጂነሩ ከኦሞራቴ ተመልሰው ቅጹን አነበቡ። ሲጋራቸውን አጠፉ። "ቀመስከው?" አሉኝ። "ቀመስኩት" አልኳቸው። ዓይናቸውን እያየሁ። "እንግዲያው ምድጃው ላይ የሆነ ነገር አጥፍተናል፤ እንደገና እንሞክረዋለን" አሉ። እሳቸው የሚጠረጥሩት ምድጃውን እንጂ ሰውን አልነበረም። እንደገና ሊሞክሩ ሲዘጋጁ ወደ ሰሜን እንዲዛወሩ ታዘዙ። አገሩ በጦርነት ተይዞ ነበር፤ ማን ስለ እበት ይጠይቃል። ፋይሉ ተዘጋ። "በአካባቢ ቁሳቁስ የተሠራው ሙከራ አልተሳካም" የሚል አንድ መስመር ቀረ። መስመሩን ያስጻፈው የእኔ ፊርማ ነው።

ቱቦውና መክፈቻው የመንግሥት ንብረት ስለሆነ አስመልስ ተባልኩ። ሄድኩና ቁልፍ ይዤ መፍታት ጀመርኩ። ማርታ አጠገቤ ቆመች። ምኑን እንዳጠፋች ጠየቀችኝ፤ ልታስተካክለው ነው። "አልበሰለም" አልኳት። "እኔም በልቻለሁ እኮ። በስሎ ነበር" አለች።

ያን ጊዜ የመለስኩላትን አንድ ቃል ሳልቀንስ እጽፍላችኋለሁ። "የአንቺ ጉሮሮ ለምዶት ይሆናል" አልኳት።

ከጻፍኩት ይልቅ ይህ ነው የሚከነክነኝ። ጽሑፉ በፍርሃት ነው ልል እችላለሁ። ይህን ግን ማን አስገደደኝ? ማንም አልጠየቀኝ፣ ከእሷ በቀር ማንም አልሰማኝ። ቱቦውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በጓሮም በኩል ቢሮ አልመጣችም።

እኔ ግን ተሾምኩ። ጥንቁቅ ሠራተኛ ተባልኩና ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። አዲስ ሐሳብ ያለው ሰው ወደ እኔ ይመራል። አንድ የጸማይ ሰው ከወይጦ ድረስ በእግሩ መጥቶ የወንዙ ውሃ ራሱን ራሱ ወደ ማሳ የሚቀዳበትን መንኮራኩር በእንጨት ሠርቻለሁ፣ ኑና እዩልኝ አለ። አልሄድኩም። ሳላየው "አያዋጣም" ብዬ ጻፍኩ። ለምን? አንዱን ሙከራ በእኩል ዓይን ካየሁ ያኛውንስ ለምን አላየህም የሚለኝ ሰው የሚነሣ እየመሰለኝ ነው። አንድ ጊዜ ሳልቀምስ ከፈረድኩ በኋላ መቅመስ ራሱ አስፈራኝ። አያዋጣም፣ አይሆንም፣ አልተጠናም፤ እነዚህን ሦስት ቃላት እየጻፍኩ ልጆች አሳደግሁ። ቤቴ ደግሞ ሚስቴ እርጉዝ ሆና እንጨት ትሸከማለች፤ ጭሱ ውስጥ ስትስል ከጓዳ እሰማታለሁ። ሳሏን እየሰማሁ ራቴን እበላ ነበር። እበት በደጃችን ተከምሯል።

ከዚያ መንግሥት ሊለወጥ ሆነ። ደመወዝ ቆመ፣ ቢሮው ተዘጋ፣ ወታደሩ መሣሪያውን እየሸጠ ወደየአገሩ ይሄዳል። ላምባ ጠፋ፣ ክብሪት እንኳ በልመና ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከወንድሜ ማሳ ስመለስ መንገዱ ላይ ግርግር አለ ብለውኝ በሸክላ ሠሪዎቹ መንደር በኩል አቋረጥኩ። ለስንት ዓመት ያልረገጥኩት መንገድ ነው። የእኛ ሰፈር ጣራዎች ሁሉ ጭስ ያወጣሉ፤ እዚያ ግን ጭስ የለም። ሰዎቹ ሸሽተዋል ብዬ አሰብኩ።

አልሸሹም። የማርታ በር ክፍት ነበር። ድስት ተጥዷል፤ ከድስቱ ሥር ያ ሰማያዊ ነበልባል አለ። ቆሜ ቀረሁ። ቱቦውን ወስጄባት ነበርና በምን እንደሚነድ ዓይኔ ፈለገ። የሸክላ ቱቦ ነው። ክንድ ክንድ የሚያህሉ፣ አንዱ በአንዱ የሚሰካ፣ መገናኛቸው በሰም የታሸገ ቱቦ ሠርታለች። መክፈቻዋ በጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ውታፍ ነው። እኔ ፋይል ውስጥ የቀበርኩት ነገር ይህን ሁሉ ዓመት ወጥ ሲሠራ ኖሯል። ጎረቤቶቿም በአራት ቤት እንደሷው ሠርተዋል።

ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? አፈርኩ ልላችሁ ይገባ ነበር። ማፈሩ በኋላ መጣ። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እፎይ አልኩ። ገድዬዋለሁ ብዬ ያሰብኩት ነገር በሕይወት አለ። ተንኮሌ አልበቃም፤ የእኔ ፊርማ ጭቃና ሰም ላይ አቅም አልነበረውም። በሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ማርታ አየችኝ። ግባ አላለችኝም፣ ውጣም አላለችኝም። እኔው ገባሁ። ሕይወቴን ሙሉ ያልገባሁበት ቤት፣ ሁለት እርምጃ ነበር። ከድስቱ አውጥታ ሰጠችኝ፤ በላሁ። እየበላሁ ነገርኳት። "ያን ጊዜ አልቀመስኩትም" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ባሌ ከኋላህ ወጥቶ መታጠፊያው ጋ ነበር። ውሻው አልሳለም ብሎ ነገረኝ።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ፣ እሷ ግን መሳቋን አላቆመችም። ይቅርታ ጠየቅኋት። እጇን እያጠበች "ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ የበላሁትን አውቃለሁ። ወረቀቱን ላነበቡት ንገር" አለችኝ። እነግራለሁ አልኩ። በእግዚአብሔር ስም አልኩ።

አልነገርኩም። ይህ ደግሞ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። በዚያ ሰሞን ማን ይሰማኛል አልኩ። ነገሩ ሲረጋጋ ሥራ አገኘሁ፤ ሥራዬን አጣለሁ አልኩ። ጡረታ ስወጣ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ሆኜ ተመረጥኩ፤ ጉባኤውን አሰናክላለሁ አልኩ። ሰበብ ለፈለገ ሰው ሰበብ ሞልቷል። እየሄድኩ ቤቷ እበላለሁ፣ "እማማ" እላታለሁ፣ ልጆቼም ይሄዳሉ። ይህን እያደረግሁ ካሳ የከፈልኩ መሰለኝ። እሷ ግን አስተማሪ ሳትሆን አረጀች። በዋናው በር ሳትገባ አረጀች። ያን ወንበር እኔ ነኝ የወሰድኩባት፤ ምሳ አብሮ በመብላት አይመለስም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሲጠራ የሚያይ ሰው ካለ ነው። ማርታ ሰማንያ ልትሞላ ነው፤ ዓይኗ ከሩቅ አይለይም። ስለዚህ ጻፍኩት። ወረቀቱን ላነበባችሁ፣ ላላነበባችሁም፦ የማርታ ሥራ ይሠራ ነበር። ጎደሬው በስሎ ነበር። አልበሰለም ያልኩት እኔ ተስፋዬ ነኝ። እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ስጽፍ ለብዙ ዓመት ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ተነሣልኝ። ትናንት ከሰዓት ተኝቼ ዋልኩ፤ ሚስቴ ታመምክ ወይ ብላ መጣች። አልታመምኩም፣ አርፌ ነው አልኳትና ለእሷም ነገርኳት።

ለማንም ከመስጠቴ በፊት ግን ጽሑፉን ይዤ ማርታ ዘንድ ሄድኩ። ጥላ ሥር እንደተቀመጠች ሙሉውን አነበብኩላት፤ እያነበብኩ ወደ አሪኛ መለስኩላት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ "ስለ አባትህ የጻፍከው ረዘመ" አለችኝ። አባቴ እንዴት እንዳሳደገኝ፣ ምን እየነገረ እንዳስፈራራኝ ሦስት ገጽ ጽፌ ነበር። ጥሩ አድርጌ ነበር የጻፍኩት፤ ሳነበው እኔኑ አስለቅሶኛል።

"አባትህ እኔ ቤት መጥቶ አያውቅም" አለች። "የመጣኸው አንተ ነህ።"

ሦስቱን ገጽ አወጣኋቸው። የቀረው ይህ ያነበባችሁት ነው።